ማሽኑ «ዝም በል» ሲባል

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን በዘመተበት ንጋት፣ ኬኤ-ሳት ከተባለው የቪያሳት ሳተላይት ጋር የተገናኙ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች ከመስመር ወጡ። ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው ሰርጎ ገቦቹ በትክክል ባልተዋቀረ የቪፒኤን መሣሪያ በኩል ወደ ማስተዳደሪያው ኔትወርክ ገቡ፤ ከዚያም ሞደሞቹ ዘወትር የሚቀበሉትን ዓይነት ሕጋዊ የማስተዳደሪያ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ላኩባቸው። ትእዛዙ በፍላሽ ሜሞሪ ላይ በተቀመጠው ቁልፍ መረጃ ላይ ሌላ ነገር ጻፈበት። ሞደሞቹ የታዘዙትን ፈጸሙ፤ ጥፋቱም ይኸው መታዘዛቸው ነው።

በዚያው ሰዓት፣ ሞደሞቹን ለክትትል ይጠቀሙባቸው የነበሩ 5,800 ያህል የኤነርኮን የነፋስ ተርባይኖች ከርቀት አይታዩም፣ አይታዘዙም ነበር። የጋራ አቅማቸው 11 ጊጋዋት ይደርሳል። ነገር ግን አንዳቸውም በዚህ ምክንያት መዞር አላቆሙም፤ በራሳቸው መቆጣጠሪያ እየተመሩ ማመንጨታቸውን ቀጠሉ። ስለዚያ ሌሊት ብዙ የተጻፈው ስለ ሞደሞቹ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የተርባይኖቹ ጉዳይ ነው፤ የተርባይኑን ሶፍትዌር የጻፉት ሰዎች «ኔትወርኩ ቢጠፋ ምን ይደረግ?» የሚለውን አስቀድመው መልሰውታል። የሞደሙ ሶፍትዌር «ሜሞሪህን ደምስስ» ቢባል ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው የነበረ አይመስልም።

በመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ሽቦ ላይ ሁለት ዓይነት ንግግር ይተላለፋል። አንዱ የሥራው ንግግር ነው፦ ሙቀቱ ስንት ደረሰ፣ ፓምፑን አስነሳ፣ ቫልቩን እስከ 40 በመቶ ክፈት። ሌላው ስለ መሣሪያው ስለ ራሱ የሚደረግ ነው፦ ማን ነህ፣ አድራሻህን ቀይር፣ ከመስመር ውጣ፣ ጠፍተህ ተነሣ፣ አዲስ ፈርምዌር ተቀበል። የፊተኛውን የሚጽፍ ፕሮግራመር ስለ ፓምፑ እያሰበ ይጽፋል። የኋለኛውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፈውም፤ ከፕሮቶኮሉ ላይብረሪ ጋር ተዘጋጅቶ ይመጣለታል፣ እሱም «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የምለው በትክክል እሱን ይመለከተዋል ነው። ትእዛዙን የላከው ማን እንደሆነ በምስጠራ ማወቅ ይቻላል። «አሁን ልፈጽመው ወይስ ልቆይ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ያለው ሞተሩ እየዞረ እንደሆነ፣ ቫልቩ በግማሽ እንደተከፈተ የሚያውቀው አፕሊኬሽን ብቻ ነው።

ነገሩን ገና ከጅምሩ በቅጡ ካሰቡበት መካከል የኤሽሎን መሐንዲሶች ይገኛሉ። የአፕል የመጀመሪያ ባለሀብት የነበረው ማይክ ማርኩላ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቋቋመው ይህ ኩባንያ ሎንወርክስ የተባለውን የመቆጣጠሪያ ኔትወርክ ሠራ። ልቡ ሞቶሮላና ቶሺባ ያመርቱት የነበረው ኒውሮን ቺፕ ነው። በአንዱ ቺፕ ውስጥ ሦስት ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰሮች አሉ፤ ሁለቱ ለፕሮቶኮሉ ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ለአፕሊኬሽኑ ተትቷል። የማስተዳደሪያ ትእዛዝ ሲመጣ ቺፑ ውስጥ ያለው ፈርምዌር ራሱ ተቀብሎ ይፈጽመዋል፤ አፕሊኬሽኑ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። ፕሮግራመሩ በኒውሮን ሲ ቋንቋ «ከመስመር ውጣ ስባል»፣ «ወደ መስመር ተመለስ ስባል»፣ «ጠፍቼ ስነሣ» እያለ ለእያንዳንዱ ወሬ የሚፈጸም ሥራ መጻፍ ይችላል። ይችላል እንጂ አይገደድም።

ይህች «አይገደድም» ብዙ ጣጣ አላት። የአየር ማሞቂያ የሚቆጣጠር መሣሪያ «ከመስመር ውጣ» ሲባል የአፕሊኬሽኑ ሥራ ይቆማል፤ ቴርሞስታቱን የሚያነበው ኮድም፣ ማሞቂያውን የሚያጠፋው ኮድም አብረው ይቆማሉ። ፕሮግራመሩ ለዚያ ጊዜ ምንም ካልጻፈ የውጤት ሽቦው በነበረበት ይቀራል። ማሞቂያው በርቶ ከነበረ በርቶ ይቆያል፣ የሚያየውም የለም። ትእዛዙን የላከው ቴክኒሻን ያሰበው አድራሻ ለመለወጥ ነው፤ ስለ ማሞቂያው አላሰበም፣ ሊያስብም አይችልም፣ በእሱ ስክሪን ላይ መሣሪያው አንድ ሳጥንና አንድ ቁጥር ነውና። መሣሪያው ከመስመር ከመውጣቱ በፊት ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ማራገቢያውን ለጥቂት ጊዜ አሽከርክሮ፣ ከዚያ ዝም እንዲል ማድረግ አስር መስመር ኮድ አይሞላም። ያቺን ኮድ መጻፍ ያለበት ስለ ማሞቂያ የሚያውቀው ሰው ነው።

ጉዳት የለሽ የሚመስለው ትእዛዝ እንኳ ጣጣ አያጣም። በሎንወርክስ ውስጥ «ጥቅሻ» የተባለ ትእዛዝ አለ፤ ጣሪያ ላይ ከተሰቀሉ ተመሳሳይ መሣሪያዎች መካከል የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቴክኒሻኑ ይልከዋል፣ መሣሪያውም መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። ብልጭታው ምን እንደሚሆን የሚወስነው አፕሊኬሽኑ ነው። ምልክት መስጫ መብራት በሌለው መሣሪያ ላይ ፕሮግራመሩ «ሪሌይዋን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ላድርጋት» ብሎ ቢጽፍ በጠረጴዛው ላይ ግሩም ሆኖ ይሠራል። ያቺ ሪሌይ በኋላ ከምን ጋር እንደምትገናኝ ግን ጠረጴዛው አይነግረውም። ሜሞሪም ያልቃል፤ የቀድሞዎቹ ኒውሮን ቺፖች ማዋቀሪያ መረጃ የሚይዙበት ኢኢፕሮም በአንድ ቦታ ላይ እስከ 10,000 ጊዜ ለመጻፍ የተሠራ ነው። አድራሻ የሚቀይር ትእዛዝ በየደቂቃው የሚልክ የተበላሸ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ያንን ዕድሜ በሳምንት ውስጥ ይጨርሰዋል። በቀን 1,440 ደቂቃ አለ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው።

ሞድባስ ከሎንወርክስ ይቀድማል። ሞዲኮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ይህ ፕሮቶኮል ዛሬም በዓለም ዙሪያ በፋብሪካዎች፣ በጄኔሬተሮች፣ በሶላር ኢንቨርተሮች ውስጥ ይናገራል። በውስጡ ካሉት የምርመራ ትእዛዞች አንዷ፣ ተግባር 8 ንዑስ ተግባር 4፣ መሣሪያውን «ስማ እንጂ አትናገር» ትለዋለች። መሣሪያው መልስ እንኳ ሳይሰጥ ዝም ይላል፤ ዝምታውን የሚሰብረው ግንኙነቱን እንደገና እንዲያስነሳ የሚያዘው ሌላው ትእዛዝ ብቻ ነው። የፕሮቶኮሉ ሰነድ እንደሚለው ወደዚህ ሁኔታ ሲገባ የዝግጁነት ሰዓት ቆጣሪው እንዲያልቅ ይተዋል፣ ቁጥጥሩም ተዘግቶ ይቆለፋል።

በጊዜው ትእዛዙ ብልህ ነበር። በአንድ የጋራ ሽቦ ላይ ከተሰቀሉት መሣሪያዎች አንዱ ተበላሽቶ ያለማቋረጥ ሲለፈልፍ ሌሎቹ እንዲሠሩ እሱን ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል። ያ ሽቦ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ላኪውም አንድ ብቻ፣ እሱም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ዋና መቆጣጠሪያ። ቆይቶ ሞድባስ በቲሲፒ ላይ ተጭኖ ፖርት 502ን ያዘ። ሰነዱ ይህችን ተግባር ለሲሪያል ሽቦ ብቻ ነው የሚፈቅዳት፤ ሆኖም ከኢተርኔት ኔትወርኩ ወደ ሲሪያል ሽቦው የሚያሸጋግረው ጌትዌይ የሚያስተላልፈውን ነገር ሁልጊዜ አይመረምርም። በአንድ ክፍል ውስጥ ላለ ቤተሰብ የተጻፈ ሕግ ሳይሻሻል ለከተማ ዋለ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2016፣ ከኪየቭ በስተሰሜን የሚገኘው የፒቭኒችና ማስተላለፊያ ጣቢያ ጠፋ፤ ከተማዋም ለአንድ ሰዓት ያህል ከፊል ጨለማ ውስጥ ገባች። ኢንደስትሮየር የተባለው ማልዌር መስመሩን የሚቆርጡትን ሰባሪዎች ከፈተ። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ከማልዌሩ ጋር የመጣ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ ወደ ሲመንስ ሲፕሮቴክ ሪሌዮች፣ በዩዲፒ ፖርት 50000፣ 18 ባይት ብቻ የሆነ መልእክት እንዲልክ የተሠራ። ያ መልእክት ሪሌዩን ወደ ፈርምዌር መቀበያ ሁኔታ ያስገባዋል፤ ሰው ሄዶ አጥፍቶ እስኪያስነሳው ድረስ መስመሩን መጠበቅ ይተዋል። ቀዳዳው የታወቀው ከዓመት በፊት በ2015 ነበር፣ ማስተካከያም ወጥቶለታል። ድራጎስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በ2019 ባወጣው ትንታኔ የታሰበው መብራት ማጥፋት ብቻ እንዳልነበረ ይከራከራል፦ ኦፕሬተሮቹ በድንጋጤ በእጅ መስመሩን ሲመልሱ ጥበቃው ተኝቶ እንዲያገኙት ነው። ፕሮግራሙ የአይፒ አድራሻውን ገልብጦ ስለጻፈ ሳይሳካለት ቀረ።

የዚህ ሪሌይ ሥራ በሚሊሰከንድ ውስጥ አደጋን ማየትና መስመሩን መቁረጥ ነው። መስመሩ ኃይል ተሸክሞ እንደሆነና እንዳልሆነ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ ሌላ ሥራ የለውማ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሥራ ላይ እያለ «ሥራህን ትተህ አዲስ ፈርምዌር ጠብቅ» ሲባል መልሱ «መስመሩ ሕያው ነው፣ አልችልም» መሆን ነበረበት። የጠፋው ምስጠራ ብቻ አይደለም። የጠፋው የግንኙነት ሞጁሉ ጥበቃውን የሚሠራውን ክፍል «ልግባ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2017፣ በሳዑዲ ዓረቢያ አንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ትራይቶን በተባለ ማልዌር ተጠቃ። የተጠቃው ትራይኮኔክስ የተባለው የሽናይደር የደኅንነት መቆጣጠሪያ ነበር፤ ግፊትና ሙቀት ከልክ ሲያልፉ ፋብሪካውን የሚያጠፋው የመጨረሻው ዘብ። በፊቱ ላይ የሚዞር ቁልፍ አለ፤ «በሥራ ላይ» ሲሆን ፕሮግራሙ አይለወጥም፣ «ፕሮግራም» ሲሆን ይለወጣል። ቁልፉ «ፕሮግራም» ላይ ተትቶ ነበር። አጥቂዎቹ ከርቀት የራሳቸውን ኮድ ጫኑ። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያሉት ሦስት ፕሮሰሰሮች ተመሳክረው ልዩነት ሲያገኙ መቆጣጠሪያው ፋብሪካውን አጠፋ፤ ጥቃቱም የተጋለጠው በዚህ ነው። በእጅ የሚዞር ቁልፍ እስካሁን ከተፈለሰፉት ጥበቃዎች ሁሉ ሐቀኛው ነው፤ ሰው በቦታው መቆሙን ያረጋግጣል። ግን ቁልፉን መልሶ ለማዞር መሐንዲሱ ከቢሮው ተነሥቶ መሄድ አለበት፣ ፀሐዩም የሳዑዲ ፀሐይ ነው። ቁልፉ በቦታው አለመሆኑን አፕሊኬሽኑ በየሰዓቱ በማንቂያ ደወል ቢያስታውስ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ብዙ መቆጣጠሪያዎች የቁልፉን ሁኔታ ማንበብ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ ደወል እንዲጮህ የሚጽፍ ሰው ግን ጥቂት ነው።

በጃንዋሪ 2024 በዩክሬን ልቪቭ ከተማ ከ600 በላይ የመኖሪያ ሕንፃዎች ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ለሁለት ቀን ያህል ሙቀት አጡ። ፍሮስቲጉፕ የተባለው ማልዌር በሞድባስ የማሞቂያ መቆጣጠሪያዎቹን ዋጋ ለወጠ። ይህ የሥራ ትእዛዝ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን አጥቂዎቹ የመቆጣጠሪያዎቹን ፈርምዌር ክትትል ወደማይችል የቀድሞ እትም መለሱት፤ ይህ ደግሞ የማስተዳደሪያ ነው። አንዱ እጅ ያበላሻል፣ ሌላው ዓይን ይሸፍናል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ኢንዱስትሪው ላለፉት አስራ አምስት ዓመታት ያህል በአንድ አቅጣጫ እየሄደ ነው፦ ላኪውን አረጋግጥ። ዲኤንፒ3 የተባለው ፕሮቶኮል የማረጋገጫ ሥርዓቱን በ2012 እትሙ አጠናከረ። በ2018 ሞድባስ ቲኤልኤስ በተባለው ምስጠራ ተሸፍኖ ፖርት 802ን ያዘ። የሕንፃ መቆጣጠሪያው ባክኔት፣ ቀድሞ መሣሪያን ለማስነሣት ከ20 ፊደል የማይበልጥ የይለፍ ቃል በግልጽ ይልክ የነበረው፣ አሁን በሰርተፍኬት የሚሠራ አዲስ መንገድ አለው። ይህ ሁሉ መደረግ ነበረበት፣ ዘግይቷልም። ነገር ግን ወደ ቪያሳት እንመለስ፤ ትእዛዙ የመጣው ከማስተዳደሪያው ኔትወርክ ነው። ሰርተፍኬት ቢኖርም እዚያው ነው የሚቀመጠው። እንጀራው ምጣድ ላይ እያለ መብራት የሚያጠፋ ሰው የቤቱ ባለቤት ቢሆንም እንጀራው ያው ይበላሻል።

የሚገርመው የቆዩት ፕሮቶኮሎች ለእምቢታ በር ትተው ነበር። ሞድባስ ስህተት ቁጥር 6 የሚባል መልስ አለው፤ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። በዲኤንፒ3 መሣሪያ ጠፍቶ እንዲነሣ ሲታዘዝ መልሱ ውስጥ ዝግጁ ለመሆን ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ ይናገራል። በባክኔት ግንኙነት አቁም ሲባል ለስንት ደቂቃ እንደሆነ የሚገልጽ ቦታ አለ፤ ካልተሞላ ዝምታው ገደብ የለውም። እነዚህ ቦታዎች የተሠሩት ሰው እንዲጠቀምባቸው ነው። በተግባር ግን ላይብረሪው «እሺ» ብሎ ይመልሳል፣ ወዲያውም ያጠፋል፤ የሚጠይቀው አካል ስላልተሠራለት። ከአምራቹ የሚገዛው ላይብረሪ ከመፈጸሙ በፊት አፕሊኬሽኑን የሚጠራና «አይሆንም» የሚል መልስ የሚያከብር መሆን አለበት። ወሬ መንገር ብቻ አይበቃም፤ ኒውሮን ቺፕም እዚያ ላይ ነው የቆመው።

እዚህ ላይ ከኦፕሬተሮች የሚነሣ ተቃውሞ አለ፣ እውነትም አለው። እምቢ ማለት የሚችል መሣሪያ በአደጋ ጊዜም እምቢ ሊል ይችላል። እሳት ተነሥቶ «አጥፋ» ስል «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለኝን ማሽን ምን ላድርገው? መልሱ የትእዛዙን አቅጣጫ መለየት ነው። ወደ ደኅንነት የሚወስድ ትእዛዝ ሁልጊዜ ይፈጸም፤ ዓይን የሚያሳውር፣ አንደበት የሚዘጋ፣ ሜሞሪ የሚጽፍ ግን ይጠይቅ። በወረቀት ላይ ይህ ያምራል። ችግሩ «አጥፋ» ሁልጊዜ ወደ ደኅንነት አለመውሰዱ ነው። የዋሻ ማራገቢያ፣ የኮምፕረሰር ማቀዝቀዣ ፓምፕ፣ የኦክስጅን ማከፋፈያ ሲጠፉ ነው አደገኛ የሚሆኑት። ስለዚህ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ደንብ በፕሮቶኮሉ ውስጥ መጻፍ አይቻልም፤ ለዚህም ነው ውሳኔው ወደ አፕሊኬሽኑ መውረድ ያለበት የምለው።

ገደብ የሌለው ዝምታን በተመለከተ ግን ለክርክር ቦታ የለኝም። ማንኛውም «ከመስመር ውጣ» ወይም «አትናገር» የሚል ትእዛዝ በመሣሪያው ውስጥ ሰዓት ሊቆጠርለት ይገባል፤ ላኪው ጊዜ ባይወስንም መሣሪያው ይወስን፣ ሲያልቅም በራሱ ይመለስ። ፈርምዌርም እንዲሁ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አዲሱ ካልሠራ አሮጌው ይነሣ። ወደ ቀድሞ እትም መመለስን ፈጽሞ መከልከል የሚሉ አሉ፣ ልቪቭን እየጠቀሱ። አዲስ እትም ፋብሪካ ያቆመበት ሰው ግን ይህን አይቀበልም፣ እኔም አልቀበልም። መመለስ ይፈቀድ፤ ግን መሣሪያው አጠገብ የቆመ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ሲያረጋግጥ ብቻ።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አሁን ገፋ እያደረገ ነው። የሳይበር ብርታት ሕጉ በዲሴምበር 10 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ፤ ቀዳዳን የማሳወቅ ግዴታው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2026፣ ዋናዎቹ ግዴታዎች ደግሞ ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ይጸናሉ። ሕጉ የሚገዛው በአውሮፓ የሚሸጠውን ነው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ፋብሪካና የውኃ ጣቢያ የሚተከለው መቆጣጠሪያ ከሞላ ጎደል ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የዚያ ሕግ ጥቅምም ጉድለትም አብሮ ይገባል። በአውሮፓ የማይሸጥ ርካሽ ሞዴልም ይገባል። የጨረታ ሰነዶቻችን ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ሙቀት መቋቋም፣ ስለ መለዋወጫ በዝርዝር ይጽፋሉ፤ የሚደግፈውን ፕሮቶኮል ስምም ይጠራሉ። አንድ ገጽ ቢጨመርበት ዋጋው አያንርም፦ በርክክብ ሙከራ ጊዜ ፓምፑ እየሠራ «ጠፍተህ ተነሣ» ይላክ፣ ምን እንደሆነ ይመዝገብ። «አትናገር» ይላክ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በራሱ እንደሚመለስ ይታይ። ፈርምዌር እየተጫነ መሐል ላይ መብራት ይቋረጥ። ለሦስተኛው ሙከራ እኛ አገር የተለየ ዝግጅት አያስፈልግም።

ዛሬ ተተክለው ያሉት መሣሪያዎች ግን ማንኛውም ሕግ ሳይነካቸው ለአስርና ለሃያ ዓመት ይሠራሉ። ለእነሱ የሚመከረው ፊታቸው ላይ ጌትዌይ አስቀምጦ የማስተዳደሪያ ትእዛዞችን እዚያው ማጣራት ነው፤ የሞድባስ ተግባር 8 ከውጭ እንዳይገባ መዝጋት ለምሳሌ። ጥሩ ምክር ነው፤ ጌትዌዩም ራሱ ፈርምዌርና የማስተዳደሪያ ትእዛዝ ያለው መሣሪያ መሆኑ እስካልተረሳ ድረስ። በዲሴምበር 2015 በሦስት የዩክሬን መብራት አከፋፋዮች ላይ በደረሰው ጥቃት 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት አጡ። አጥቂዎቹ ሰባሪዎቹን ከከፈቱ በኋላ ያጠፉት በየጣቢያው ሲሪያልን ከኢተርኔት የሚያገናኙትን እነዚያን ትንንሽ ሳጥኖች ነበር፤ የተበላሸ ፈርምዌር ጫኑባቸው። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች በመኪና ወደየጣቢያው ሄደው ሰባሪዎቹን በእጅ ስለዘጉ ነው።